ሽምብራ ማዳበሪያውን ከየት ያመጣል?



መስከረም ሲጠባ ጤፉ ታርሞ፣ ስንዴው ዛላ አውጥቶ ሳለ፣ በአድአና በጊምቢቹ፣ በምንጃር ሸንኮራ፣ በጎንደር ደምቢያና በጎጃም ይልማና ዴንሳ ጥቁር አፈር ላይ አንድ ሰብል ገና እየተዘራ ነው፤ ሽምብራ። መረሬው፣ በአንዳንድ አካባቢ ዋልካ የሚባለው አፈር፣ ክረምቱን ውኃ ጠግቦ ስለሚከርም ቀድሞ የተዘራ ሽምብራ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ዝናቡ እስኪያፈገፍግ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ከሰማይ የሚያገኘው ጥቂት ነው። ተክሉ አብቦ፣ አፍርቶ፣ ደርቆ እስኪሰበሰብ ድረስ የሚኖረው በአብዛኛው አፈሩ ጠጥቶ ባስቀረው እርጥበት ነው።

ዩሪያም ቢሆን ብዙው ገበሬ አይሰጠውም። ያለችው ማዳበሪያ ለጤፉና ለስንዴው ትሄዳለች። እንዲህም ሆኖ ከ100 ግራም የደረቀ ሽምብራ ውስጥ 20 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው። በጾም ወራት ሽሮው፣ ቆሎው፣ የሽምብራ አሳው የሥጋን ቦታ የሚተካው በዚህ ምክንያት ነው። ፕሮቲን ደግሞ ያለ ናይትሮጅን አይሠራም። ታዲያ ዩሪያ ያልተሰጠው፣ ዝናብ የራቀው ሰብል ይህን ሁሉ ናይትሮጅን ከየት አመጣው?

ከአየር ነው። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። በአንድ ሄክታር መሬት ላይ ከላይ እስከ ታች ያለው አየር ከ70 ሺህ ቶን በላይ ናይትሮጅን ይይዛል። ይሁን እንጂ ጤፍ፣ ስንዴም ሆነ በቆሎ ከዚያ ውስጥ አንዲት ግራም እንኳ በራሱ ሊወስድ አይችልም፤ ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ የጠፋበት ቤተሰብ ማለት ነው። ሁለቱ የናይትሮጅን አተሞች እርስ በርስ የተያያዙት በሦስት ጽኑ ማሰሪያ ስለሆነ በቀላሉ አይለያዩም። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ማሰሪያውን በላቦራቶሪ የሚፈታበትን መንገድ አሳየ። በ1913 ደግሞ በጀርመን ኦፓው የመጀመሪያው ትልቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ዛሬም ዩሪያ የሚመረተው በዚያው ዘዴ ነው፤ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀትና ከተለመደው የአየር ግፊት ከመቶ እጥፍ በላይ የሆነ ግፊት ይጠይቃል። ነዳጁም በአብዛኛው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ኢትዮጵያ በጅቡቲ ወደብ በኩል የምታስገባው ዩሪያ የጋዝ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የሚወደደውም ለዚህ ነው።

ይህንኑ ሥራ በሽምብራ ሥር ላይ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች በማሳ ሙቀት፣ ያለ ጋዝና ያለ ፋብሪካ ያከናውናሉ። በጥቅል ስማቸው ራይዞቢየም ይባላሉ።

ምስጢሩ የታወቀው ሃበር ከመነሳቱ ሃያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ጥራጥሬ የተዘራበት መሬት በሚቀጥለው ዓመት እንደሚያበቅል ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ ምክንያቱን ግን የሚነግራቸው አልነበረም። በጀርመን በርንበርግ በሚገኝ የግብርና ምርምር ጣቢያ ይሠሩ የነበሩት ሄርማን ሄልሪገልና ባልደረባቸው ሄርማን ቪልፋርት አጃና አተርን ናይትሮጅን በሌለበት አሸዋ ውስጥ እየዘሩ ይከታተሉ ነበር። አጃው የሚያድገው በተሰጠው የናይትሮጅን ማዳበሪያ ልክ ነው፤ ሲጨመርለት ይጨምራል፣ ሲቀነስበት ይቀንሳል። አተሩ ግን ይህን ሥርዓት አልተከተለም። አንዱ ማሰሮ ውስጥ ያለው አተር ምንም ሳይሰጠው ይለመልማል፣ ከጎኑ ያለው ይቀጭጫል። አሸዋው በሙቀት ተቀቅሎ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ሲጠፋ የትኛውም አተር አልለመለመም። በተቀቀለው አሸዋ ላይ አፈር የተዘፈዘፈበት ጥቂት ውኃ ሲጨመር ግን አተሩ አንሰራራ፤ ሥሩም እብጠት አወጣ። ሄልሪገል ይህን እ.ኤ.አ. በ1886 በርሊን ላይ ለተሰበሰቡ የሳይንስ ሰዎች አቀረቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኔዘርላንዳዊው ማርቲኑስ ቤየሪንክ ባክቴሪያውን ከእብጠቱ ውስጥ ለይቶ ለብቻው አራባው።

ባክቴሪያውና ተክሉ የሚገናኙበት መንገድ የሚያስደንቅ ነው። ራይዞቢየም አፈር ውስጥ እንደማንኛውም ባክቴሪያ ራሱን ችሎ ይኖራል። የጥራጥሬው ቡቃያ ሥር ፍላቮኖይድ የሚባል ቅመም ወደ አፈሩ ሲያመነጭ ባክቴሪያው ያን ተረድቶ ወደ ሥሩ ይጠጋል፤ በፋንታውም የራሱን መልእክት፣ ኬሚካሉን፣ ይሰዳል። መልእክቱ ተክሉ የሚያውቀው ከሆነ የሥሩ ጸጉር ጫፍ ይጠመዘዝና ባክቴሪያውን አቅፎ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ሥሩም እዚያ ቦታ ላይ ማበጥ ይጀምራል። የግብርና ባለሙያዎች ይህን እብጠት ኖዱል ይሉታል። ተክሉ ከቅጠሉ ስኳር ያወርዳል፤ ባክቴሪያው ናይትሮጅኑን ወደ አሞኒያ ቀይሮ ያቀብላል። ስኳሩ ቀላል ወጪ አይደለም፤ አንድ ግራም ናይትሮጅን ለማግኘት ተክሉ 6 ግራም ያህል ካርቦን ያወጣል። አፈሩ ላይ ዩሪያ በብዛት የተበተነለት ጥራጥሬ እብጠት ለማውጣት የማይቸኩለውም ስለዚህ ነው፤ ሳይከፍል የሚያገኘውን ለምን ይከፍልበታል?

የመልእክቱ ቋንቋ ከሰብል ሰብል ይለያያል። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ በአንድ ወገን ባክቴሪያ መጠቀም ይችላሉ። ቦሎቄ የራሱ አለው፣ አኩሪ አተርም የራሱ። ሽምብራ ከሁሉም የበለጠ ይመርጣል፤ ሜዞራይዞቢየም ከሚባለው ወገን ውስጥም የእሱን ቁልፍ የያዙትን ብቻ ነው የሚቀበለው። ባቄላ ለዓመታት ሲዘራበት የኖረ መሬት ለሽምብራ የሚሆን ባክቴሪያ ላይኖረው ይችላል።

ሽምብራ የተገኘው ዛሬ ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ በሚባለው አገር ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በጥንት ዘመን ሲሆን ዛሬ ከአፍሪካ ሽምብራ በማምረት ኢትዮጵያን የሚቀድማት የለም። ሰብሉ ሲሰደድ ባክቴሪያውስ እንዴት ተከተለው? ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን፣ የሕንድንና የቱርክን ማሳዎች ጨምሮ ከተለያዩ አገሮች የሽምብራ ሥሮች የተለቀሙ ባክቴሪያዎችን ዘረመል አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት፣ ከሽምብራ ጋር መግባባት የሚያስችሉት ዘረመሎች ከአንድ ባክቴሪያ ወደ ሌላ እንደሚተላለፉ አሳይተዋል። አፈሩን ለምደው የኖሩ የየአገሩ ባክቴሪያዎች ቁልፉን ከእንግዳው ተቀብለው ባለቤት ሆነዋል ማለት ነው። ለደረቅ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሙቀቱንና ድርቀቱን የሚያውቀው የአካባቢው ባክቴሪያ ነውና።

ድርቀት ለዚህ ኑሮ ጠላት መሆኑ የተረጋገጠ ነው። ውኃ ሲያጥር ከሌላው የተክሉ ሥራ ቀድሞ የሚቆመው ናይትሮጅን መያዙ ነው። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ከሥር ያለው ሥራ ተዳክሟል። እብጠቱ ወደ ውስጥ የሚያስገባውን ኦክስጅን ያጠብባል፣ ከቅጠል የሚወርደው ስኳርም ይቀንሳል። አፈሩ ውስጥ ተክል የሚጠብቀው ባክቴሪያም በበጋው ሐሩር በብዛት ያልቃል። የተረፈው ራሱን የሚያድንበት ዘዴ አለው፤ በሚያጣብቅ ሽፋን ይጠቀለላል፣ ትሬሃሎስ የሚባል ስኳር በሰውነቱ ውስጥ ያከማቻል፣ ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ቀኑን ይጠብቃል።

የትኛው አፈር ያድነዋል ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ የተገኘው ከምዕራብ አውስትራሊያ ነው። እዚያ አሸዋማ መሬት ላይ ገበሬዎች ለከብት መኖ የሚሆን የክሎቨር ዝርያ ይዘሩ ነበር። ዘሩ ባክቴሪያ ተቀብቶ ሲዘራ በመጀመሪያው ዓመት ያማረ ይሆናል፤ በሁለተኛው ዓመት ራሱን ዘርቶ የሚበቅለው ግን ቢጫ ሆኖ ይሞታል። ተመራማሪው ኬቪን ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳሳዩት ችግሩ የመጣው በመካከል ካለው በጋ ነው፤ በጋለው ደረቅ አሸዋ ውስጥ ባክቴሪያው አልቋል። አሸዋው ላይ ሞንትሞሪሎናይት የሚባለው የሸክላ ዓይነት ሲደባለቅበት ግን ባክቴሪያው ሙቀቱን ተቋቁሞ ይከርማል። የእኛ መረሬ ዝናብ ሲያገኝ የሚያብጠው፣ በበጋ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው በውስጡ ያለው ሸክላ ከዚሁ ወገን ስለሆነ ነው። ሞፈር የሚሰብር፣ በሬ የሚያዳክም እየተባለ የሚማረሩበት አፈር ለባክቴሪያው መጠለያ የመሆን አቅም አለው።

ከእንዲህ ያለ ባክቴሪያ ጋር የሚኖሩ ዛፎች ደግሞ ከድርቀቱ ለማምለጥ ሌላ ዘዴ ተክነዋል፤ ወደ ታች መሄድ። በቢሾፍቱና በሞጆ ማሳዎች መካከል ተበትኖ የሚታየው፣ በኦሮምኛ ገርቢ፣ በትግርኛ ሞሞና የሚባለው የግራር ወገን የሆነ ዛፍ ክረምት ሲገባ ቅጠሉን ያራግፋል፣ በበጋ ይለመልማል። ሰብሉ በሚያድግበት ወራት ጥላ አይጥልበትም፤ ያራገፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፣ የበጋው ቅጠልና ፍሬ ለከብት ይሆናል። ገበሬው ይህን ዛፍ ሳይቆርጥ ዙሪያውን የሚያርሰው ጥቅሙን አይቶ ነው። በሴኔጋል ደረቅ ምድር የዚህን ዛፍ ሥር የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ ከዛፉ ጋር የሚኖረውን ባክቴሪያ ከምድር በታች 34 ሜትር ላይ፣ የከርሰ ምድር ውኃው አጠገብ አግኝተውታል። ላዩ በፀሐይ ሲቃጠል ታች እርጥበት አለ። በአፋር ሜዳ ላይ ግጦሹን የወረረው ፕሮሶፒስም ይኸው ጸጋ አለው፤ ናይትሮጅኑን ከአየር፣ ውኃውን ከጥልቅ ስለሚያመጣ ሣሩ አይቋቋመውም። አርብቶ አደሩ ላይ ያደረሰው ጉዳት ከባድ ስለሆነ፣ ናይትሮጅን የሚሰጥ ሁሉ ለየትኛውም ቦታ ይሁን ማለት እንደማይገባ ሊታወቅ ይገባል።

አሁን ወደ ማሳው እንመለስ። ገበሬው ሽምብራው ከባክቴሪያው ጋር መስማማቱን በራሱ ዓይን ማየት ይችላል፤ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ጊዜው ማበብ ሲጀምር ነው። ተክሉን በእጅ መንቀል አይገባም፤ ሲጎተት እብጠቶቹ እየተበጠሱ አፈር ውስጥ ይቀራሉ። ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ በዶማ ዙሪያውን ቆፍሮ ከነአፈሩ ማንሳት፣ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክሮ አፈሩ በራሱ እስኪለቅ መተው ነው። ሥሩ ሲጠራ እብጠቶቹ ይታያሉ፤ አንዳንዱ ለብቻው፣ አንዳንዱ ቅርንጫፍ አውጥቶ እንደ እጅ ጣት የተዘረጋ፣ ብዙዎቹም ወደ ዋናው ሥር አናት የተሰበሰቡ። አንዱን በጥፍር መክፈል ነው። ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው። ቀለሙ የሚመጣው በሰው ደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ዝምድና ካለው ፕሮቲን ነው፤ ኦክስጅኑን እየመጠነ ለባክቴሪያው ያደርሳል፤ ያለ ልክ የገባ ኦክስጅን ናይትሮጅን የሚይዘውን ኢንዛይም ያበላሸዋልና። ውስጡ ነጭ የሆነ እብጠት ወይ ገና ነው፣ ወይ ስኳሩን እየበላ ምንም የማይሰጥ ባክቴሪያ ይዟል። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ዘመኑን ጨርሷል። ከኅዳር ጀምሮ በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር ከነሥሩ ታስሮ የሚሸጠውን እሸት ሽምብራ የገዛ ሰው ሥሩን ቢመለከት ከዚህ የደረሱትን ነው የሚያገኘው።

እብጠት ከሌለ ወይም ውስጡ ሁሉ ነጭ ከሆነ መፍትሔው ባክቴሪያውን ከውጭ ማምጣት ነው። በአገራችን ሕያው ማዳበሪያ የሚባለው ይኸው ነው፤ በጥናት የተመረጠ ባክቴሪያ በጥቁር ብናኝ ተደባልቆ በትንሽ ከረጢት ይታሸጋል። መናገሻ ባዮቴክ የተባለው ኩባንያ በአገር ውስጥ ያመርታል። በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ይመራ የነበረው ኤን ቱ አፍሪካ የተባለው ፕሮጀክትም በኢትዮጵያ ከምርምር ማዕከላት ጋር ሆኖ በሽምብራ፣ በባቄላ፣ በቦሎቄና በአኩሪ አተር ማሳዎች ላይ አስተዋውቆታል። ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ግማሽ ኪሎ ያህል ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን እንደሚይዝ ያስታወሰ ሰው፣ የሁለቱን ጭነትና ዋጋ ሲያነጻጽር ሕያው ማዳበሪያ ለምን በየቀበሌው እንደማይገኝ መጠየቁ አይቀርም። መጠየቅም ይገባዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ መታወቅ አለበት። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሕይወት ነው። ዩሪያ መጋዘን ውስጥ ወራት ቢቀመጥ ዩሪያነቱ አይለቀውም፤ ባክቴሪያው ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከዋለ ይሞታል። የተሞከረውና አልሠራም የተባለው ሕያው ማዳበሪያ ምን ያህሉ ማሳ ሳይደርስ የሞተ እንደሆነ ቢመረመር ብዙ የሚገለጥ ነገር ይኖራል። የአገልግሎት ጊዜው መታየት አለበት። ቀዝቃዛና ጥላ ያለበት ቦታ መቀመጥ አለበት። ለሽምብራ የተዘጋጀው ለሽምብራ ብቻ፣ ለባቄላ የተዘጋጀው ለባቄላ ነው። ዘሩ የሚቀባው በሚዘራበት ዕለት፣ ጥላ ሥር፣ በማለዳ ወይም ፀሐይ ሲበርድ ነው። ጥቂት ስኳር በውኃ በጥብጦ ዘሩን ማርጠብ፣ ብናኙን ነስንሶ እያንዳንዱ ፍሬ ጠቆር እስኪል በቀስታ ማሸት፣ ጥቂት አናፍሶ መዝራትና ወዲያው አፈር ማልበስ ነው። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የዋለ የተቀባ ዘር ያልተቀባ ዘር ነው። በፀረ ፈንገስ መድኃኒት የታሸ ዘርም ባክቴሪያውን ሊገድለው ስለሚችል አስቀድሞ ባለሙያ ማማከር ያሻል።

ባክቴሪያው ብቻውንም ተአምር አይሠራም። ፎስፈረስ ያጠረው አፈር ላይ እብጠቱ ትንሽ ይሆናል፣ ሥራውም ይደክማል፤ ፎስፈረስን ከአየር የሚያመጣ ባክቴሪያ የለም። በየአገሩ የተደረጉ የማሳ ሙከራዎች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ ጥሩው ምርት የሚመጣው ባክቴሪያውና ፎስፈረሱ አብረው ሲገቡ ነው። እንደ ኤን ፒ ኤስ ያለ ፎስፈረስ የያዘ ማዳበሪያ የሚያገኝ ገበሬ ሁሉንም ለጤፍ ከመስጠት ጥቂቱን ለሽምብራው ቢያስቀር የሚከሰርበት ምክንያት አይታይም።

ሽምብራ ተዘርቶበት የከረመ መሬት ለሚቀጥለው ጤፍ ወይም ስንዴ ደግ መሆኑ እውነት ነው። ግን ሒሳቡን በጥሞና ማየት ያስፈልጋል። 20 ኩንታል ሽምብራ ሲሰበሰብ ከ60 ኪሎ በላይ ናይትሮጅን በፍሬው ውስጥ ሆኖ ከማሳው ይወጣል። ገለባው ወደ ከብቱ ይሄዳል። ለማሳው የሚቀረው የረገፈው ቅጠልና ሥሩ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሽምብራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበሰበው በማጭድ ታጭዶ ሳይሆን ተነቅሎ ነው። ተክሉ አጭር ስለሆነ፣ ፍሬውም ወደ መሬት የተጠጋ ስለሆነ፣ መንቀል ይቀላል፤ ፍሬም አይባክንም። በዚህ ገበሬውን መውቀስ አይቻልም። ነገር ግን ከተክሉ ናይትሮጅን ቀላል የማይባለው ድርሻ ያለው ከአፈር በታች ስለሆነ፣ ተነቅሎ ወደ አውድማ የተጫነው ሥር ለሚቀጥለው ጤፍ ሊተርፍ የሚችለውን ይዞ ይሄዳል። ረዘም ብለው ቀጥ ብለው የሚቆሙ፣ ለማጭድ የሚመቹ የሽምብራ ዝርያዎች በገበሬው እጅ ቢበዙ ጥቅሙ ድካም ከመቀነስ ያልፋል። ማጨድ የማይቻልበት ቦታም ቢሆን ገለባውን የበላው ከብት ፍግ ለማገዶ ከመድረቁ በፊት የተወሰነው ወደ ማሳው ቢመለስ፣ ከአየር የመጣው ናይትሮጅን በከፊል ለአፈሩ ይደርሳል።

የመዝሪያው ወቅት ከመድረሱ በፊት፣ ሐምሌ ላይ፣ አርሶ አደር አድማጮቻችን ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ለሽምብራ የሚሆን ሕያው ማዳበሪያ በስም ጠይቀው ያስመዝግቡ። ከወረዳው እስኪመጣም ጊዜ ይወስዳልና እስከ መስከረም አይጠብቁ። ማሳው በሙሉ ባይቻል በአንድ ጥማድ ላይ ሞክሩት፤ ከጎኑ ያልተቀባ ዘር ዝሩ። ሲያብብ ከሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት ተክል ቆፍራችሁ በባልዲ አጥባችሁ ጥፍራችሁን ተጠቀሙ። ያያችሁትንም ለጎረቤታችሁና ለባለሙያው ንገሩ።